የሐምሌ ፀሐይ

ጥር 5

ጠዋት ለብሼ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ። የኦክስጅን ማሽኑ ጮኸ። መብራት በጠፋ ቁጥር ይጮሃል፤ ሰፈሩ ለምዶታል። «የይሄይስ ዶሮ» ብለው ስም አውጥተውለታል። ከእኛ ቤት ከተሰማ መብራት የለም ማለት ነው። መንገድ ዳር ያለው ብየዳ ቤት መሣሪያውን አስቀምጦ ካርታ ይጫወታል።

ባለቤቴ እታገኝ ከቡናው ውስጥ እየሮጠች መጣች። ቱቦውን ከማሽኑ ነቅላ ሲሊንደሩ ላይ ሰካችው። መጀመሪያ ሰሞን ቱቦው የት እንደሚገባ ይጠፋባት ነበር። አሁን በር እንደ መዝጋት ሆኖላታል። ሲሊንደሩ ግን ብዙ አይቆይም። ሲያልቅ በባጃጅ ሚዛን ሆስፒታል ተወስዶ ነው የሚለወጠው። የሚለወጥ ካለ።

ሻይ ጠጣሁ። ደጅ የተሰጣውን የቡና ጀንፈል ልየው ብዬ እስከ በሩ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆምኩ። ትንፋሼ እስኪመለስ ቆየሁና ገባሁ። ጀንፈሉን ሳላየው ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ሌላ ነገር የለም።

ጥር 7

እታገኝ ጣሪያውን ደጋግማ ስታይ ዋለች። ሶላሮቹን ነው የምታየው። ገና በደህናው ጊዜ፣ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ብለን ያስገጠምናቸው ናቸው። ባትሪው ያኔ የውሃ ባትሪ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አብጦ ሞተ። አሁን ጓሮ ነው፤ ዶሮዎች ላዩ ላይ ይሰፍራሉ። ሶላሮቹ ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ስልክ ይሞላሉ። ሲመሽ የሉም።

አዲስ ባትሪ ብንገዛስ አለች። ሊቲየም የሚሉት አለ አሉ። አያብጥም፣ ውሃ አይፈልግም፣ ማሽኑን ሌሊቱን ሙሉ ያሠራል። ሰው ነግሯታል። ማን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺ ብላ ወሰደችው።

ጥር 9

ገብረወልድ መጣ። ሚዛን ላይ ሶላር የሚሸጠው። ዕቃ ለመሸጥ የማይቸኩል ነጋዴ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ወረደ፤ ማሽኑን ገልብጦ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አነበበ። አንድ ባትሪ ሌሊቱን ያደርሰዋል አለ። ግን ሞልቶ ከመሸ ነው።

«ጋሼ ይሄይስ፣ ባትሪ ማለት ጎተራ ነው። እህል አያበቅልም። ያስገቡበትን ነው የሚያወጣልዎ።»

ከዚያ በጣቱ ወደ ላይ አሳየን። ሁለት የቀረሮና አንድ የዋንዛ ዛፍ። ከቀትር በኋላ ጣሪያችን የእነሱ ጥላ ውስጥ ነው። ዛፎቹ እስካሉ ባትሪው አይሞላም፤ እኔም አልሸጥላችሁም አለ።

ዛፎቹ የቆሙት ለቡናው ነው። አባቴ ጫካውን ሲመነጥር ለጥላ ብሎ የተዋቸው። ከሥራቸው ያለው ቡና ዋናው ቡናችን ነው። እዚህ አገር ጥላ የሌለው ቡና ምን እንደሚሆን ልጅም ያውቃል።

ገብረወልድ ሌላም ጠየቀ። ክረምቱስ? ዝናብ ሲከርም ፀሐዩ ይበቃል? እታገኝ ወደ እኔ ዞረች። ፀሐይ ከተነሳ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ የቡና ማድረቂያ አልጋ ኃላፊ ነበርኩ። ደመና አይቼ ሸራ አልብሱ የምለው እኔ። ፍሬ በጥርሴ ነክሼ ይህ ደርሷል፣ ያ ይቆይ የምለው እኔ።

«ይበቃል» አልኩ። «እሸት ቡና አድርቆ ጀንፈል የሚያደርግ ፀሐይ አንድ ባትሪ መሙላት ያቅተዋል?» በክረምትም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ይከፍታል አልኩ። ድምፄ ወፍራም ነበር። ራሴም ገረመኝ።

ገብረወልድ አመነኝ። እታገኝም።

ጥር 10

ባትሪው የአሥር ዓመት ዋስትና አለው ብሎን ነበር ገብረወልድ።

እኔስ?

ጥር 12

ከፈለኝ የሚካኤልን ታቦት ሸኝቶ በዚያው ወደ እኛ ጎራ አለ። ጋቢው አቧራ በአቧራ። ማድረቂያው ላይ አብረን ሠርተናል፤ ቡናችንም ድንበርተኛ ነው። ሁልጊዜ የሚለውን አለ።

«ዛሬም እንደታሰርክ ነህ?»

«ገመዱን አስረዘሙልኝ» አልኩት። እውነት ነው። ልጄ ምሕረት ረጅም ቱቦ ልካለች። አሁን እስከ በሩ ይደርሳል።

የባትሪውን ነገር ነገርኩት። ጀነሬተር ግዛ አለ። ነዳጅ ከየት አምጥቼ? እሱ ለሞተር ብስክሌቱ ቤንዚን ፍለጋ ቴፒ ድረስ የሚሄድ ሰው ነው። ጭሱስ? የሳንባ በሽተኛ አጠገብ ጭስ… ራሱ ተወው።

ስለ ዛፎቹ ሲሰማ ተነስቶ በመስኮት አያቸው።

«ቡናውን ከነሥሩ ፀሐይ ላይ ልታሰጣው ነው?»

እኔ አላስቆርጥም አልኩ። ማን ነው ታዲያ የሚያስቆርጠው አለ። መልስ አልጠበቀም። ጓሮ እታገኝ ጀንፈል እየገለበጠች ነበር። ሁለታችንም ድምፁን ሰማን፤ ወሬ ለወጥን።

ጥር 17

ምሕረት ከቱም ደወለች። እዚያ ነው የምታስተምረው። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥታ ነው የምትደውለው፤ ነፋሱ ይሰማል። እናቷ ነግራታለች ማለት ነው፤ ሰላምታውን ሳትጨርስ ወደ ባትሪው ገባች።

ግዛ አለችኝ። ቡናው ይደረስበታል፣ መጀመሪያ አንተ። አባዬ እያለች፣ እንደ ልጅነቷ።

እናትሽ ኋላ በምን ትኖራለች አልኳት።

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሷ… አላውቅም። መልሳ አልደወለችም።

ጥር 21

ሁሉም አልጋው አጠገብ እየመጣ አሳቡን ተናግሯል። ዛሬ የራሴን ልጻፍ።

እኔ ስሞት ለእታገኝ የሚቀረው ይህ ቡና ነው። ሱቅ የለንም፣ የሚከራይ ቤት የለንም። የእኔ ሥራ ጡረታ የለውም፤ የወቅት ሥራ ነበር። ዛፎቹ ከቆሙ ቡናው አለ። ከወደቁ እኔ ትንሽ እቆያለሁ። ምን ያህል? ዶክተሯም አታውቅም። ቢበዛ… እሱን አልጽፈውም። የማይቆይ ሰው ለማቆየት የሚቆይ ነገር ማጥፋት ነው። ቡናው የሌላ ሰው፣ በሽተኛውም ሌላ ሰው ቢሆን ምን ብዬ እመክር ነበር? አትቁረጡ እል ነበር። ሳላስብ።

ማታ ነገርኳት። ባትሪ አንገዛም፣ ዛፎቹም አይነኩም አልኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። እጇን አላቆመችም።

«ቡናውን ለማን ነው የምታስቀምጠው?»

«ለአንቺ።»

«እኔ ጠየቅኩህ?»

ምስሩን ይዛ ወደ ማድ ቤት ሄደች። እዚያ ጨለማ ነው፤ ምን ታያለች? ቆይቼ ሄጄ እንዳልጠራት ቱቦው እዚያ አይደርስም።

የካቲት 1

ሆስፒታል ነኝ። እርሳሱን ነርሷ ናት የሰጠችኝ።

ከትናንት በስቲያ ነው። መብራት ጠዋት ጠፋ፤ አልመለስ አለ። ሲሊንደሩ አለቀ። እታገኝ ለማስለወጥ ሄደች። እስክትመለስ ማሽኑ ሲጮህ ቆይቶ የሚያስጮኸው ትንሽ ባትሪም አልቆ ዝም አለ። ከፈለኝ የሰማው ጩኸቱን አይደለም፤ ዝም ማለቱን ነው የሰማው። «ጩኸቱ ሲቆም ነው የሮጥኩት» አለኝ በኋላ። ተሸክሞ ባጃጅ ላይ ጫነኝ። ባለ ባጃጁ ሰውየው ሰክሮ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ከፈለኝ የመለሰለትን አልጽፍም። መንገድ ላይ ሲሊንደር ታቅፋ ከምትመጣ ባጃጅ ጋር ተላለፍን። እታገኝ ነበረች። እኔ አላየኋትም፤ እሷ ናት ያየችኝ።

ዶክተር ሜሮን ወጣት ናት፤ አትዋሽም። ሳንባዎ አይመለስም አለች። ካሁን በኋላ ያለ ማሽን አንድም ሌሊት ማደር የለም። መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ ብላ እታገኝን ጠየቀቻት። እታገኝ እኔን አየች። እኔ ግድግዳውን።

የካቲት 4

እታገኝ የምትመጣው ማታ ማታ ብቻ ሆኗል። ባለፈው ጊዜ እዚህ ስተኛ ከአጠገቤ አትነሳም ነበር። ሥራ አለብኝ ትላለች። ለቀማው አልቋል፣ ጀንፈሉ ተነስቷል። ምን ሥራ?

ዛሬ ሾርባ ስታጠጣኝ ነጠላዋ እጥፋት ውስጥ የእንጨት ብናኝ አየሁ። ቀይ ቢጫ። የቀረሮ ነው። አራግፋው መጥታለች፤ እጥፋቱን ረስታዋለች።

መጠየቅ እችል ነበር። ሾርባውን ጠጣሁ።

የካቲት 7

ወደ ቤት ተመለስኩ። ቤታችን ከአስፋልቱ ታየኝ። ተወልጄ ያደግኩበት ቤት ከአስፋልቱ ታይቶኝ አያውቅም። ቆርቆሮው ያብለጨልጫል። ከፈለኝ አብሮኝ ባጃጅ ውስጥ ነበር፤ ፊቱን ወደ ሌላ በኩል አዞረ።

ጣውላ ሰንጣቂዎቹ ገና እየሠሩ ነው። ዋንዛው መሬት ላይ አለ። ሁለቱ ቀረሮዎች ጣውላ ሆነው ሄደዋል። ሲወድቁ ከቡናውም ብዙ ሰብረዋል። እታገኝ ከቀበሌ ፈቃድ አውጥታ፣ ነጋዴ ፈልጋ፣ ተከራክራ ሸጣቸዋለች። ጀንፈሉንም ዋጋ እስኪወጣ ሳትጠብቅ ሸጣዋለች። ባትሪው ግድግዳው ላይ ነው። ነጭ ሳጥን፣ አረንጓዴ መብራት። ገብረወልድ ገጥሞ ሄዷል።

ቤቱ ውስጥ ብርሃን በዛ። የዕቃዎቹ አቧራ ሁሉ ይታያል።

«አትቁረጪ አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ይኸው መጥተህ እየጠየቅከኝ ነው።»

ማሽኑን ሰካችልኝ።

የካቲት 10

መብራት ጠፋ። ማሽኑ አልጮኸም። ብየዳ ቤቱ መሣሪያው አልሠራ ሲለው ነው ያወቀው። ሰው ልኮ አስጠየቀ፤ ይሄይስ ደህና ነው ወይ ብሎ።

እታገኝ ሌሊቱን ተኛች። ከስንት ጊዜ በኋላ አንኮራፋች። ማንኮራፋቷን ረስቼው ነበር።

የካቲት 20

ባትሪው ከቀትር በፊት ይሞላል። ትንሽ መስኮት አለችው፤ መቶ ትላለች። እታገኝ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ታያታለች። ከፈለኝ ስልኩን ሊሞላ ይመጣል። «ቀረሮህን እየጠጣሁት ነው» ይላል ገመዱን ሲሰካ።

በር ላይ ወንበር አውጥተውልኝ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላው ያቃጥላል። ቡናው ቅጠሉን አጥፏል። ለዛሬ አላየሁትም ብያለሁ።

ተሳስቼ ይሆን? ስለ ባትሪው ማለቴ ነው። እያሰብኩበት ነው።

መጋቢት 3

የአበባው ዝናብ ጣለ። ዘገየ ሲባል ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጣ፤ ከፈለኝ እየበሰበሰ አጥር ላይ ቆሞ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ይህ ዝናብ ካልመጣ የቡና አበባ የለም፤ አበባ ከሌለ ዓመቱ የለም። እኔም ደስ አለኝ። የኖርኩበት ነው።

እታገኝን ፈለግኳት። ቤት ውስጥ ነበረች። ባትሪዋ ፊት ቆማለች።

«ዛሬ አይሞላም» አለች። ከዚያ ወደ ቆርቆሮው አየች፣ ድምፁን እየሰማች። «አሁን ያቆማል።»

ያቆማል አልኳት። ቡና እየለቀመች ያደገች ሴት የአበባ ዝናብ እንዲቆም ስትጠብቅ አየሁ።

መጋቢት 16

ታች፣ የከፈለኝ ድንበር ጋ፣ ጥላ ያለበት ቡናችን ነጭ በነጭ ሆኖ አብቦ ሰንብቷል። ላይኛው፣ ዛፎቹ የነበሩበት፣ እሱም አበበ። ሳይውል ሳያድር እንደተቆላ ነገር ቡናማ ሆነ። ሲነኩት ይረግፋል።

እታገኝ የኮባ ቅጠል ቆርጣ፣ እንጨት ተክላ፣ የቡናውን ዛፍ አንድ በአንድ እያለበሰች ነው። በአንድ ቀን ይደርቃል። በማግስቱ ሌላ ትቆርጣለች። አግዘኝ አትለኝም፤ እኔም ልርዳሽ አልልም።

ሚያዝያ 24

የላይኛው ቡና ቅጠሉ ቢጫ ነው። ግማሹ ግን ገና አልረገፈም።

እታገኝ ረጅም እንጨት ላይ ጨርቅ አስራ ሶላሮቹን ትወለውላለች። ጭቃ የለባቸውም። ትወለውላለች ግን።

ሰኔ 6

ገባ። ክረምቱ። ጠዋት ጭጋግ፣ ቀን ዝናብ፣ ማታ ዝናብ። ባትሪው በፀሐይ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ቴሌቪዥን ዘጋን። አምፖል ዘጋን። እታገኝ በስልኳ መብራት ራት ትሠራለች፤ ስልኩንም ከፈለኝ ጋ ወስዳ ከሞተር ብስክሌቱ ነው የምትሞላው። አሁን ገመዱ ወደዚያ ዞሯል።

የመስመሩ መብራት ሲመጣ ባትሪውን ይሞላዋል። እሱ ያድነናል። እና ምን ተለወጠ? እንደ ድሮው የምንጠብቀው እሱን ነው።

ሐምሌ 3

መብረቅ ትራንስፎርመሩን መታው። ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ነው። መቼ እንደሚለወጥ የሚያውቅ የለም።

ባትሪው ሌሊቱን አላደረሰም። ሲነጋጋ ማሽኑ ጮኸ። ሲሊንደር።

ሐምሌ 6

ዛሬ ገባኝ።

ሐምሌ ላይ ቡና አይደርቅም። ለቀማው የለም። አልጋው ፈርሶ ሸራው ታጥፎ መጋዘን ነው፤ እኛም ቤታችን። ከሃያ ዓመት በላይ ስሠራ ሐምሌ ላይ ቀና ብዬ ሰማይ ያየሁበት አንድ ቀን የለም። ምን ሊያደርግልኝ? እኔ የማውቀው የኅዳርን ፀሐይ ነው። የታኅሣሥን። ገብረወልድ የመጣውም በጥር፣ ፀሐይ አናት ሲበሳ ነው። የሐምሌን ፀሐይ አላውቃትም። ስጠየቅ ግን መለስኩ። ዛፎቹ የቆሙትም የወደቁትም በእኔ አፍ ነው።

ለእታገኝ ነገርኳት። ጨርቅ እየጨመቀች ነበር፤ ቆርቆሮው ማፍሰስ ጀምሯል፣ ሶላር በገጠሙበት በኩል።

«እኔስ ሐምሌን አላውቀውም?» አለች። «እዚሁ አይደል የኖርኩት? ልብስ የማሰጣው እኔ አይደለሁም?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ጨርቁን ዘረጋችው።

«ያን ቀን እንደ ድሮህ ነው የተናገርከው። ቡና እንደምትነክስበት ጊዜ። ደስ አለኝ።»

ሌላ ጨርቅ ልታመጣ ሄደች። ዝናቡ ስለሚጮህ መነጋገርም አይቻልም።

ሐምሌ 10

ገብረወልድን አስጠራነው። በጭቃ ውስጥ መጣ። ባትሪውን ከፍቶ መረመረ፣ ገመዶቹን አየ።

«ባትሪው ጤነኛ ነው» አለ።

«እዚህ ቤት ጤነኛው እሱ ብቻ ነው» አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁ ቀፈፈው። ሌላ ሶላር ብንጨምርስ አለ። ጨምረን? ከዚህ ደመና ሥር? እሱም አልገፋበትም። ልውሰደው አለ። ከተማ ውስጥ የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴት ትፈልጋለች፤ እዚያ መብራት እየሄደ ይመጣል እንጂ ጨርሶ አይቀርም። ለእሷ ይሆናታል።

ለሰው ይሆናል ማለት ነው። ለእኛ አይደለም እንጂ።

እታገኝ እሺ አለች። እኔን ሳታየኝ። ግድግዳው ላይ አራት ቀዳዳ ቀረ።

ሐምሌ 17

ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየን። በባትሪው ነው የተከራየነው፤ ማለትም በቀረሮው። መብራት ሲጠፋ እታገኝና የአከራያችን ልጅ በወንበር አድርገው ወደ ድንገተኛ ክፍል ያሻግሩኛል። እዚያ ጀነሬተር አለ። ሲመጣ ይመልሱኛል። ዘበኛው አሁን ስሜን አይጠይቅም፤ በሩን ብቻ ይከፍታል።

የካቲት ላይ እዚሁ መምጣት ይቻል ነበር። ዛፎቹ ቆመው። ማናችንም አላሰብነውም። ቤት እያለው ሰው ቤት ይከራያል?

ሐምሌ 25

ዶክተር ሜሮን መለኪያውን ጣቴ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ቀንም ከማሽኑ አይለዩ አለች።

ቀንና ሌሊት። ያ ባትሪ ቢኖርም አይችለውም ነበር፤ በጥር ፀሐይም ቢሆን። ስለ ባትሪው ማሰብ እዚህ ላይ አበቃ።

ነሐሴ 8

ዝናብ። ምሕረት መጥታ ሰነበተች፤ ሄደች። ስትሄድ እናቷን አጥሩ ጥግ ይዛ አወራቻት። እኔን ሳመችኝ። ረጅም ነበር፣ የስንብት ዓይነት።

ነሐሴ 20

እታገኝ ጠዋት ወደ ቡናው ሄዳ ማታ ተመለሰች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ። ሰሞኑን ሥራዋ ይኸው ነው፤ ቀን የአከራያችን ሚስት ትጠብቀኛለች። ከቴፒ የሰሳ ችግኝ አስመጥታ ቀረሮዎቹ የነበሩበት ላይ ተክላለች። ሰሳ ቶሎ ያድጋል፣ ጥላውም ለቡና ደህና ነው። እስኪደርስ በመሐል በመሐሉ ሙዝ።

አልጋው ግርጌ ተቀምጣ እግሯን እያጠበች ነገረችኝ። ስታወራ እንዲህ ከሰማኋት ቆይቷል። የተቃጠለውን ቡና ጥር ላይ ትጎነድለዋለች። ግንዱን ዝቅ አድርጋ ትቆርጠዋለች፤ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። በሦስተኛው ዓመት ፍሬ ይይዛል። እስከዚያ የቤታችንን በረንዳ ከልላ ትንሽ ሱቅ ታደርገዋለች። ሳሙና፣ ስኳር፣ ዘይት። ምሕረት ዝውውር ካገኘች ትልቁን ክፍል ለእሷ ትለቃለች።

«ለአንድ ሰው ትንሹም ይበቃል» አለች።

ከዚያ አቆመች። ውሃው ውስጥ ያለውን እግሯን ታያለች።

እስከ ዛሬ ከመጪው ሳምንት ያለፈ ነገር አውርታልኝ አታውቅም። እኔም ሳነሳባት ተነስታ ትሄዳለች። ዛሬ ሦስት ዓመት ሄዳ ተመለሰች፤ የትኛውም ክፍል ውስጥ እኔ አልነበርኩም። ይከፋኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሳይከፋኝ ቀረ። እንዲያውም ትንፋሼ ቀለል አለኝ፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

«ሱቁን በየት በኩል ልታደርጊው ነው?» አልኳት።

እግሯን አደረቀች።

«በመንገዱ በኩል።»

በመንገዱ በኩል ጥሩ ነው፤ ገበያ አለው። ግን ምዕራብ ነው፣ አሁን ደግሞ ጥላ የለውም። ኅዳር ላይ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ዕቃውን ይጨርስባታል። ሸራ ያስፈልገዋል። ሸራ ዝም ብሎ አይወጠርም፤ ከላይ ጠበቅ፣ ከታች ላላ ተደርጎ፣ ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ ነው የሚታሰረው። አለበለዚያ በመጀመሪያው ወጀብ ይቀደዳል።

እንዴት እንደሚታሰር ነገርኳት። እያረፍኩ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።